ጅምር የጨረሰ ዕለት

ስሙን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያውቁትም አይጠሩበትም። ከፀጉር ቤቱ ጀምሮ ጥግ ላይ እስካለው የመኪና መለዋወጫ መደብር ድረስ ያለው ሰው ሁሉ «ጅምር» ነው የሚለው። ስሙም በከንቱ አልወጣለትም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ብትገቡ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ዕቃ ሁሉ ሆዱ የተከፈተ፣ ሽቦው የተንጠለጠለ፣ ብሎኑ በጠርሙስ ክዳን ላይ የተቀመጠ ነው። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ሌላው ጠጋኝ ተስፋ የቆረጠበትን ሬዲዮ እሱ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ሁለት ቦታ ነካክቶ በሽታውን ያገኘዋል። ካገኘው በኋላ ግን ነገሩ ያበቃለታል። መበየዱ፣ መግጠሙ፣ መወልወሉ ይታክተውና ወደ ሌላው ይዞራል። ባለቤቱ ሲመጣ «ነገ ና» ይለዋል። እንዲህ እየተባለ ዓመት የደፈነ ሬዲዮ አለ፤ ባለቤቱ ሞቶ ልጁ የሚመላለስበትም አለ።

ቤቱም እንደዚያው ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሊቀባ ተነስቶ ሦስቱን ግድግዳ ቀብቶ አንዱ ሲቀረው ቀለሙ ቆርቆሮው ውስጥ ደረቀ። እጮኛ ነበረችው፤ ቀለበት ገዛ፣ ቀን ቆረጠ፣ ቀኑን አራዘመ፣ ደግሞ አራዘመ። እሷም ምን ታድርግ፣ ነገር የሚጨርስ ሰው ፈልጋ አገባች። ይህንን ራሱ ነው እየሳቀ የሚያወራው። ሰውም ለዚህ ይወደዋል፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ እሱ ከሌለ ጨዋታው አይደምቅም። አይ መወደድ! እንዲህ ያለ መወደድ ምን እንደሚያመጣ በኋላ ታዩታላችሁ።

በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበረችው፤ ታላቅ እህቱ። «እታለም» ይላታል። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ እሷም ራሷ ልጅ ነበረች። ትምህርቷን ትታ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆነች። ሙሉ ዕድሜዋን ሌሎች የተኙበትን አንሶላ ስታጥብ፣ እጇ በበረኪና እየተላጠ፣ እሱን አስተማረች፣ አለበሰች፣ ሱቁን አስከፈተች። አላገባችም። ሲጠይቋት «ማሙሽን ልጨርስና» ትል ነበር። ማሙሽ ማለት እሱ ነው፤ ጢሙ ከሸበተ በኋላም ለሷ ያው ማሙሽ ነው። እሱን ሳትጨርስ፣ አንድ ቀን እዚያው ማጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀችና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ።

እሱ የሚኖርባት ክፍል ጠባብ ናት፤ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ በሰው ዕርዳታ የሚተዳደር የአረጋውያን ቤት ገባች። ረጅም ቢጫ ቤት ነው፤ አልጋ የያዙት የሚተኙት መጨረሻ ያለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ «እታለም» እያለ ሲመላለስ ተንከባካቢዎቹም ኃላፊዋም አብረዋት የሚተኙት አሮጊቶችም «እታለም» ብለዋት ቀሩ።

አንድ ጠዋት ሊጠይቃት ሲሄድ ግንባሯ በፋሻ ታስሮ አገኛት።

«ምን ሆነሽ ነው እታለም?»

«ከአልጋው ጋር ተጣልተን ነው» አለችው። «እሱ ትክክል ነበር መሰለኝ፤ ወረወረኝ።»

እሱ ግን አልሳቀም። የቤቱን ኃላፊ ፈልጎ ቢሮዋ ድረስ ሄደ። ኃላፊዋ ቀጭን፣ ደካማ፣ ዓይኗ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሴት ናት። ነገሩን አልደበቀችውም። የሌሊት ተንከባካቢዋ ደሞዟ ስላልተከፈላት ከሄደች ወራት ሆኗታል። የቀኖቹ ሲመሽ ይሄዳሉ። አልጋ የያዙት እስኪነጋ ብቻቸውን ናቸው።

«እህትዎ ሌሊቱን መሬት ላይ ነው ያደሩት» አለችው፤ አንገቷን ደፍታ። «ጠዋት ነው ያገኘናቸው። ዛሬ ግንባራቸው ነው። ነገ ዳሌያቸው ከሆነ በዚህ ዕድሜ አይነሱም።»

ወደ እታለም ተመልሶ «ለምን አልጮህሽም?» አላት።

«ጮሄ ማንን ልቀስቅስ ማሙሽ? ከኔ የባሱትን?»

ያን ቀን እያለቀሰ ነው ወደ ሱቁ የሄደው። የሌሊት ተንከባካቢ ደሞዝ እኔ እከፍላለሁ እንዳይል፣ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ጠፍቷል፤ የተበላሸውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው የዘመኑ ነገር። እዚያው ሰሞን ፀጉር ቤት ውስጥ ስለ ኮዲንግ ሲወራ ሰማ። ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ደህና ገንዘብ ያገኛል ተባለ። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ትምህርቱን በነፃ ይሰጣል። ጅምር ማንንም ሳያማክር በማግስቱ ሄዶ ተመዘገበ። ለሱ መጀመር መቼ ገዶት ያውቃል!

የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ክፍል ከመሬት በታች ናት፤ መስኮቷ የመንገደኛ እግር ብቻ ነው የሚያሳየው። አብረውት የሚማሩት በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። የመጀመሪያው ሰሞን እሳት ሆነ። ፕሮግራም ማለት ለካ ሽቦ እንደ መከተል ነው፤ ከዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል፣ መሃል ላይ የተቋረጠ ካለ አይሠራም። ይኼማ የኔ ሥራ ነው አለ። ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ የገባው ዕለት ግን፣ እንደ ልማዱ፣ ልቡ ቀዘቀዘ። የቀረው መልመጃ ነው፤ መጻፍ፣ መሳሳት፣ ማረም፣ ደግሞ መሳሳት። መቅረት ጀመረ።

አሰልጣኟ ወጣት ናት፤ ቀልድ የማታውቅ፣ ግን ደግ። አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጣች። በዙሪያው የተደረደሩትን ክፍት ሬዲዮዎች አየችና ገባት መሰለኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለችው። «ትምህርቱ ከብዶዎት አይደለም። ቢተዉት የሚጎዳ ሰው ስለሌለ ነው።»

«እኔ አለሁ እንጂ!»

«እርስዎ ራስዎን ይቅር ማለት ለምደዋል።»

እንደዚህ ብሎ ዓይን ዓይኑን እያየ የነገረው ሰው እታለም ብቻ ናት።

አሰልጣኟ አንድ ዘዴ ነገረችው። ሌሎች ተማሪዎቿም ሞክረውታል። የሚወዱትን አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይመርጣሉ። ከዚያ ወዳጅ ዘመድ ቃል ይገባል፤ ይህን ተምረህ ከጨረስክ ለድርጅቱ ይህን እሰጣለሁ ይላል። ከተውክ ግን ድርጅቱ አያገኝም። እንግዲህ መተው ሲያምርህ የምትነፍገው ራስህን ሳይሆን ችግረኛውን ነው። ጅምር ድርጅት መምረጥ አላስፈለገውም። ቢጫው ቤት ነው። የሚጨርሰው ሥራም ወዲያው ተገኘ፤ መጨረሻ ላይ ለቢጫው ቤት የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ ፕሮግራም ጽፎ ሊያስረክብ። ያ ሲሠራ ጨርሷል ይባላል።

ቃል የተገባው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፤ አሰልጣኟም ምስክር ሆና ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጅምር መሃል ቆሞ ነገሩን ሲያስረዳ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀምጦ ይስቅ ጀመር።

«ቆይ፣ ቆይ፤ የምንሰጠው አንተ ከጨረስክ ነው?»

«ከጨረስኩ።»

«አንተ? ጅምር? ጨርሰህ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«እንግዲያው እኔ በየወሩ እየሄድኩ የቤቱን ሽማግሌዎች በሙሉ በነፃ እላጫለሁ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊው ተነስቶ «ለያንዳንዱ አልጋ አዲስ አንሶላ፣ ከኔ!» አለ። መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ልጇን ፀጉር ልታስቆርጥ መጥታ ነበር፤ እሷም እየሳቀች የአዋቂ ዳይፐር ለዓመቱ ሙሉ አለች። የመለዋወጫው ነጋዴ ግን ሁሉንም በለጠ። ፊቱ ላይ ሳሙና እንደተቀባ ከወንበሩ ቀና አለና እጁን ዘረጋ።

«የሌሊት ተንከባካቢዋን ደሞዝ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ እኔ! እጄን ምታ!»

ጅምር እጁን መታው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ሳቀ፣ አስለቀሰው ሳቁ። ጅምርም አብሮ ሳቀ። ለምን እንደሚስቁ አልጠየቀም። አንድ ሰው እንኳ ቢሆን «ትንሽ ነው ያለኝ፣ የምችለውን ልስጥ» ብሎ ቢቆጥብ ኖሮ ይገባው ነበር። ሁሉም እንደ ንጉሥ የሰጡት ለምን እንደሆነ እኔና እናንተ አሁን እናውቃለን፤ እሱ ግን በሰው ደግነት ልቡ ተነክቶ ነው የወጣው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢጫው ቤት ሮጠ። ለኃላፊዋ ሲነግራት ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«የዓመት ደሞዝ? እርግጠኛ ነዎት?»

«እጄን መትቶኛል።»

ሴትየዋ የቸገራት ናት። የቸገረው ሰው ደግሞ የተባለውን እንደተሰጠ ይቆጥረዋል። ከምግቡም ከሳሙናውም ገንዘብ ቆርሳ ጥቂት ቅድሚያ ከፈለችና የቀረው ቃል የተገባው ሲመጣ ይከፈላል ብላ የሌሊት ተንከባካቢ ቀጠረች። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ዝምተኛ ሴት መጣች። እታለም ወደደቻት። «ማታ ማታ እንደ ሕፃን ታገላብጠኛለች» አለችው። «በዚህ ዕድሜዬ እናት አገኘሁ።»

«ብጨርስ ዓመቱን ሙሉ ትቆይልሻለች።»

እታለም በደህናው እጇ ጉንጩን ያዘችው። «ማሙሽ፣ ያንተን መጨረስ ስጠብቅ ነው የሸበትኩት። እስቲ አንድ ጊዜ አሳየኝ።»

እውነቱን ለመናገር ዘዴው ሠራ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጅምር ተማረ። እንዴት አድርጎ ተማረ! እንግሊዝኛው ያስቸግረዋል፤ ቃሉን በእጁ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ይዞ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ቀዩ የስህተት ጽሑፍ ሲወጣበት ላብ በላብ ይሆናል። አንዲት ነጥብ ረስቶ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ተነስቶ መሄድ ያምረዋል፤ ጃኬቱን አንስቶ በሩ ድረስ የሄደባቸው ቀናት ነበሩ። በሩ ላይ ሲደርስ ያቺ ሰፊ ትከሻ ሴት በእታለም አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትታየዋለች። ተመልሶ ይቀመጣል። አሰልጣኟ ይህን ታይና ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ታስጠጋለታለች።

ሱቁም ተለወጠ። ነገር መጨረስ ለካ ይለመዳል። ዓመት የደፈነው ሬዲዮ ተበይዶ፣ ተገጥሞ፣ ተወልውሎ ለባለቤቱ ልጅ ተሰጠ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ «ሙሉ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ አላመነም። አራተኛው ግድግዳ እንኳን ተቀባ።

ፀጉር ቤት ውስጥ መጀመሪያ «ጅምር፣ ምን ላይ ደረስክ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሱም እየተኩራራ ይነግራቸዋል። «መደጋገም የሚባለውን ትምህርት ጨረስኩ» ይላል፤ ይስቃሉ። «አሁን ደግሞ ሰዓት እንዲያነብ አደረግኩት» ይላል፤ ትንሽ ይስቃሉ። «ስምና መድኃኒት አብሮ ማሳየት ጀመረ» ያለ ዕለት የሳቀ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮኑን ድምፁን ከፍ አደረገው። የመለዋወጫው ነጋዴ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰፈር ሄዶ መላጨት ጀመረ። ጅምር ይህን ሁሉ አየ፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው ብሎ አለፈው። ሰው በሚወደው ሰው ላይ ክፉ ነገር አይጠረጥርም።

የጨረሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ቢጫው ቤት ቢሮ ውስጥ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን ጫነ። ከሱቁ ያመጣውን የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በእንጨት ሣጥን ከቶ፣ ሽቦውን በኮሪደሩ ዘርግቶ መጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ስሞቹንና መድኃኒቶቹን አሰልጣኟ በድምጿ ቀድታለት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሣጥኑ ትንሽ ጫጫ አለና ተናገረ።

«እታለም፤ የደም ግፊት ክኒን።»

የቀን ተንከባካቢዋ ደንግጣ ብርጭቆውን አንስታ ሄደች። ከዚያ የሚቀጥለዋን አሮጊት ስም ጠራ፤ ከዚያም የሚቀጥለዋን፤ አንድም አልተሳሳተም። እታለም ክኒኑን ውጣ ወንድሟን አየችው፣ አየችው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ እታለም።»

«በሙሉ? የቀረ የለም?»

«የቀረ የለም።»

አለቀሰች። ሳቋም ልቅሶዋም በአንድ ወገን ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው፤ በዚያ በአንድ ወገን ግን ፊቷ በራ። ጅምር በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ደስታው እዚህ ላይ ያልቃል፤ ብትፈልጉ እዚህ ላይ ተዉኝ።

በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አሰልጣኟን ይዞ ፀጉር ቤት ሄደ። «ጨረስኩ!» አለ በሩ ላይ ቆሞ። ፀጉር አስተካካዩ «ደግ!» አለና ወደ ደንበኛው ጭንቅላት ተመለሰ። መቼ ሄዶ እንደሚላጭ ሲጠየቅ፣ ወገቡን እንደሚያመው፣ ሽማግሌ መላጨት ደግሞ ኃላፊነት እንዳለው፣ አንዱን ቢቆርጠው ማን እንደሚጠየቅ አወራ፣ አወራ። ልብስ ሰፊው የጨርቅ ዋጋ ሰማይ መድረሱን ነገራቸው፤ በማግስቱ አንድ የትራስ ልብስ ላከ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሥራ ሲይዙ መስሎኝ ነው» አለች። «ፕሮግራም ጻፍኩ ማለትና ሥራ መያዝ አንድ ነው እንዴ?»

ነጋዴውን መደብሩ ውስጥ አገኙት። ከመደርደሪያው ኋላ ቆሞ ስልክ እያወራ በእጁ ቁጭ በሉ አላቸው። ስልኩ አላልቅ አለ። በመጨረሻ ጅምር ተነስቶ ፊቱ ቆመ።

«የደሞዙን ነገር ብለን ነው የመጣነው።»

«የምን ደሞዝ?»

«የሌሊት ተንከባካቢዋን። እጄን መትተህ...»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀልድና ቁም ነገር አትለይም?» ነጋዴው ሳቀ፤ ብቻውን። «ያን ቀን ቤቱ ሁሉ ሲስቅ አልነበረም እንዴ? አንተስ አብረህ አልሳቅክም?»

«ስቄያለሁ። ግን ጨረስኩ።»

«ማን ጨርስ አለህ?»

እዚህ ላይ ነው የገባው። ቀስ ብሎ፣ ከእግሩ ጀምሮ ገባው። ያን ሁሉ የሰጡት ለአረጋውያኑ አልነበረም፤ ለሱ ስንፍና ነበር። እሱ መቼም አይጨርስም ብለው እርግጠኛ ስለነበሩ ነው እጃቸው የተፈታው። ዕድሜውን ሙሉ ሲስቁለት የኖሩት ሰዎች፣ ዛሬ ሰው ሆኖ ሲመጣባቸው እንደ ባለዕዳ ሸሹት። ቀልዳቸውን አበላሸባቸው!

አሰልጣኟ ፊቷ ቀልቶ «አሳፋሪ ነው! እኔ ምስክር ነኝ!» ብላ ጮኸች። ነጋዴው «የፈረምኩበት ወረቀት አለሽ እህቴ?» አላት። ጅምር ክንዷን ይዞ አወጣት። መንገድ ላይ «ይቅርታ ጋሼ፣ ዘዴው ጥሩ ነበር እኮ፤ ሌሎቹ ላይ ሠርቶ ነበር» እያለች አለቀሰች። እሱ ያጽናናት ጀመር፤ የሚያጽናናው እሱ መሆኑ ራሱ ይገርማል።

እሺ፣ ሥራውስ? ትሉ ይሆናል። ኮዱንስ ተምሮ የለ? አሰልጣኟ ብዙ ቦታ ወሰደችው። የሄዱበት ሁሉ ዕድሜውን ይጠይቁትና እንደውልልሃለን ይሉታል። አንድ ቦታ በር ላይ ያለችው ልጅ የማን አባት እንደሆነ ጠየቀችው። የደወለለት የለም። ሱቁ ውስጥ ያሉትን ሬዲዮዎች አንድ በአንድ ጨርሶ፣ የቻለውን ሸጦ ለኃላፊዋ ሰጣት። ለጥቂት ጊዜ በቃ። ሲያልቅ ሰፊ ትከሻዋ ሴት ትንሽ ቀን ያለ ደሞዝ ቆየች፤ እሷም ልጆች አሏት። አንድ ምሽት እታለምን አገላብጣ፣ አልብሳ፣ ግንባሯን ስማ ሄደች።

ጅምር «እኔ አድራለሁ» አለ። ወንድ በሴቶች ክፍል ማደር ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። ኃላፊዋ ራሷ አልፎ አልፎ ታድራለች፤ እሷም ሰው ናት። አልጋውን ከግድግዳ አስጠጉት፣ በሌላው በኩል ወንበር ደረደሩ። ጅምር የወደቀ ሰው ሲጮህ ለኃላፊዋ ስልክ የሚደውል ነገር መጻፍ ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ይታገላል። እሱን ግን ሳይጨርስ ጊዜው ቀደመው።

አንድ ጠዋት ኃላፊዋ ደወለችለት። እታለም ወንበሮቹን ገፍታ ነበር የወደቀችው፤ ውሃ ፈልጋ ይሆናል። ሲነጋ አገኟት። ዳሌዋ ነበር። ሆስፒታል ወሰዷት፤ ጅምር አጠገቧ ሰነበተ። አንዴ ነቅታ «ማሙሽ፣ ሣጥኑ ጠርቶኛል ወይስ ገና ነው?» አለችው። ገና ነው አላት። ከዚያ አልነቃችም።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ! የቀብሩ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ልብስ ሰፊው ለሬሳ ሣጥኑ ማልበሻ ነጭ፣ ወፍራም፣ ዳሩ የተጠለፈ ጨርቅ ይዞ መጣ፤ በቀብር ላይ አይባልም እንጂ ከዚያ ጨርቅ ስንት አንሶላ ይወጣ ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት በሁለት እጇ የማይታቀፍ አበባ አመጣች። ነጋዴው ለቀብርተኛው ትልቅ አውቶቡስ ተከራየ፤ ጥቁር ልብስ ለብሶ በር ላይ ቆሞ ሽማግሌዎችን በክንዳቸው እየያዘ ያስገባል። ጅምርን አቅፎት አለቀሰ። ልቅሶው ደግሞ የውሸት አልነበረም፤ ይኼንንም ልመስክር።

«አይዞህ ወንድሜ። የሚያስፈልግህን ንገረኝ። ምንም ነገር!»

ጅምር በትከሻው ላይ አሻግሮ አውቶቡሱን ያይ ነበር።

«ይኼ አውቶቡስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የስንት ሌሊት ነው?»

«ምን አልከኝ?»

«ምንም» አለና ገባ።

ከቀብሩ በኋላ ሱቁን አልከፈተም። ፀጉር ቤትም አልሄደም። የጀመረውን የስልክ ፕሮግራም አልነካውም፤ ለማን ብሎ? ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ኃላፊዋ ደወለችለት፤ ድምጿ ይፈራል።

«ወንድሜ፣ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ሣጥኑ... ስማቸውን እየጠራ ነው። ጠዋትም ማታም። አሮጊቶቹ ያለቅሳሉ፤ አንዷ ደግሞ መጡ ብላ በር በሩን ታያለች። እንዳናጠፋው የሌሎቹ መድኃኒት ይቀራል። እኛ ደግሞ አንችልበትም። ከርስዎ በቀር የሚችል የለም።»

መጣ። ቢሮው ውስጥ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠና የጻፈውን ከፈተ። ራሱ የጻፈው ነው፤ እያንዳንዷን መስመር ስንት ቀን እንደታገላት ያውቃል። የእታለም ስም ከላይ ነበር፤ ሲማር መጀመሪያ የጻፈው የሷን ነው፣ የሌሎቹ ከሷ የተቀዱ ናቸው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እሱ እንደተቀመጠ ሰዓቱ ደረሰና በኮሪደሩ ጫፍ ሣጥኑ ጫጫ አለ።

«እታለም፤ የደም ግፊት ክኒን።»

ከመጨረሻው ክፍል አንዲት አሮጊት «የለችም እኮ ልጄ፣ የለችም» ስትል ተሰማ። ሣጥኑ የሚቀጥለዋን ጠራ።

ጅምር መስመሯን ፈልጎ አጠፋት። ሲነካካ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይበላሽበት ነበር፤ ነጥብ ይረሳል፣ ቅንፍ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ቀዩ ጽሑፍ ይወጣል። እንዲወጣ ጠበቀ። ፕሮግራሙን አስነሳው፣ ከላይ እስከ ታች አየው። ቀይ ነገር የለም። አንድም ስህተት ሳያሳይ በአንዴ ሠራለት።

«አለቀ?» አለችው ኃላፊዋ።

«አለቀ» አላትና ጃኬቱን አነሳ።